ያልተገኘው ትርታ

እናቴ ስኳር ካለባት ቆይታለች። ባለፈው ቀጠሮዋ ሲስተሯ የግራ እግሯን ከላይ በኩል ደጋግማ ዳሰሰችና «እዚህ ጋ የደም ስሩ ትርታ አይሰማኝም» አለች። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ሊቆርጡኝ ነው እንግዲህ» አለችኝ። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር።

ሐኪሙ መጥቶ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በስተኋላ ሲዳስስ ትርታው በደንብ ይመታል። «አይዞዎት እማማ» ብሎ አስረዳን። ወደ እግር ጫፍ ደም የሚያደርሱ ዋና ደም ቅዳ ቧንቧዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በእግር የላይኛው ገጽ፣ ሌላው ከቁርጭምጭሚት ኋላ ያልፋል። በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎች የላይኛው ከተፈጥሮው ቀጭን ይሆናል፣ ከቦታው ፈቀቅ ይላል ወይም ጭራሽ አይኖርም፤ ሥራውን ሌሎቹ ይሸፍኑለታል።

ሆኖም ስኳርም ቧንቧ ስለሚያጠብ በዳሰሳ ብቻ አልፈረደም። በአልትራሳውንድ ሲታይ የእናቴ ቧንቧ ቀጭን እንጂ የተዘጋ አልነበረም። ይኸው ካርዷ ላይ ተጻፈ፤ ወደፊት ለውጥ ቢመጣ ይለያል።

እናንተም የወላጆቻችሁን እግር እዩ። የማይድን ቁስል፣ የእግር መቀዝቀዝ ወይም መጥቆር፣ ሲራመዱ ባት ይዞ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።