ስለ ሴት ውሻና ስለ ቡችሎቿ

«ቡችላ ለልጆቻችን መጫወቻ ይሆናል» እያሉ ሴት ውሻቸውን ያለ አሳብ የሚያስወልዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ውሻ ባረገዘች በ63 ቀን ያህል ትወልዳለች፤ የምትወልደውም አንድ ብቻ አይደለም፥ አምስት ስድስት ይሆናል እንጂ። ገና ሳትጠነክር ያረገዘች እንደ ሆነ ምጥ ይጸናባታል፤ ትሞትም ይሆናል። ቡችሎቹም ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናታቸው ሊለዩ አይገባም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያስብ ባለቤት ጥቂት ነው።

ወንዶቹን ጎረቤት ይወስዳቸዋል። ሴቶቹን ግን የሚፈልጋቸው ስለ ታጣ፥ በጆንያ ከትተው ከሰፈር አርቀው ይጥሏቸዋል። ይህ ነገር በአገራችን ስለ ተለመደ የሚያፍርበት የለም፤ ጭካኔ መሆኑ ግን አይቀርም።

ከሞት የተረፉት ሳይከተቡ በየመንገዱ ያድጋሉ። ከነርሱም አንዱ ያበደ እንደ ሆነ ያገኘውን ሰው ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ነገር ግን ሉዊ ፓስቴር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓመት ክትባቱን ለሰው ከሰጠ ወዲህ፥ ፈጥኖ የተከተበ ሰው ይድናል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ልጅ ቁጣ ፈርቶ አይደብቅ፤ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፥ ለወላጆቹም ይንገር።

ቡችላ የማያስፈልገው ሰው ሴት ውሻውን የእንስሳት ሐኪም እንዲያመክንለት ይውሰዳት፤ ሐኪም በሌለበት አገር ግን ወንድ በምትፈልግበት ወራት ሦስት ሳምንት ያህል በግቢው ዘግቶ ይጠብቃት።