ወፍ ፍለጋ ወደ ደቡብ

የወፍ ጉብኝት መስመር አዲስ መንገድ መቁረጥን አይጠይቅም። ባለው መንገድ ዳር ወፍ በርከት ብሎ የሚታይባቸውን ሐይቆች፣ ጫካዎች፣ ሜዳዎችና ገደሎች መርጦ በካርታ ማያያዝ፣ ምልክት መትከል፣ እንግዳው የት እንደሚያድርና ማን እንደሚመራው ማመቻቸት ነው። አሠራሩ ስም ያወጣው በአሜሪካ ቴክሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የግዛቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ከመንገዶች መሥሪያ ቤት ጋር ተባብሮ፣ ከሉዊዚያና ወሰን እስከ ሜክሲኮ በሚዘልቀው የባሕር ጠረፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን በአንድ መስመር ማያያዝ ጀመረ። ገንዘቡ በከፊል ከፌዴራል የመንገድ በጀት የወጣ ሲሆን፣ ቦታዎቹን የጠቆሙት ደግሞ በአብዛኛው የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ለወፍ ሲባል ረግረጉን ጠብቅ ቢባል ጆሮ የማይሰጥ ከተማ፣ ረግረጉ በካርታ ላይ ቁጥር አግኝቶ ሆቴሉ እንግዳ ሲያሳድርበት ሳይነገረው ይጠብቃል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሀብት አላት። በአገሪቱ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሌላ አገር ፈጽሞ አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት ለወፎች ወሳኝ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቷል። መስመር ለማውጣት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ሥራ ማለትም ምርጫው በአመዛኙ ተጠናቋል ማለት ይቻላል።

ሊወጡ ከሚችሉት መስመሮች ሁሉ የሚበልጠው የደቡቡ ዙር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ያልፋል፤ ወደ ባሌ ይወጣል፤ በነጌሌ ቦረና በኩል ያቤሎ ደርሶ ይመለሳል። የውጭ አስጎብኚ ድርጅቶች ለአሥርት ዓመታት ሲመላለሱበት የኖሩ መንገድ ነው።

የሐይቆቹ ክፍል ለጀማሪ ይመቻል። በባቱና በሐዋሳ ዳርቻ አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጆች እግር ሥር የዓሣ ትርፍራፊ ሲለቅም ባይኖኩላር እንኳ አያስፈልግም። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች ስምጥ ሸለቆውን ተከትለው ስለሚወርዱ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጎብኚ ከሁሉ ይሻላል።

ባሌ ውስጥ በዲንሾ የአካባቢ ሰው ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያወጣ በግልጽ ይታያል። በባሌ ተራሮች ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ ቀን የሚተኛ ጉጉት አለ። ላባው የግንዱን ቅርፊት ስለሚመስል ባለሙያ እንግዳ እንኳ ከሥሩ ቆሞ ላያየው ይችላል። የዲንሾ አስጎብኚ ወጣቶች ግን ዛፉን ያውቁታል፤ ጉጉቱ ቦታ ሲቀይርም ይከታተሉታል። እንግዳው የሚከፍለው ለዚያ ክትትል ነው። ከዲንሾ አልፎ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ በአገራችን ብቻ የሚኖረው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ቀይ ቀበሮ በሚያድንበት ሣር ውስጥ ሲግጥ ይታያል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለመስመሩ ትልቅ ስም ነው።

ነጌሌ ቦረና አካባቢ የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባለው ወፍ ይገኛል። ኢጣሊያዊው ተጓዥ ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በዝሆን ሲገደል፣ ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ማንም የማያውቀው አንድ ተገኘ፤ የት እንደያዘው ግን አልጻፈም ነበር። መኖሪያው እ.ኤ.አ. እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቆየ። እንዲህ ያለ ታሪክ ለአስጎብኚ ከወፉ ቀለም የማያንስ ሀብት ነው።

ያቤሎ የዙሩ ዕንብርት ነው። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል ባለው ጠባብ አካባቢ የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራ ይኖራል። ገላው ግራጫ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር፣ የዓይኑ ዙሪያ ደግሞ ላባ የሌለው ደማቅ ሰማያዊ ቆዳ ነው። በግራር አናት ላይ ከእሾሃማ ጭራሮ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ ይሠራል፤ ከብት በተሰማራበት እየተከተለ እበቱን ገልብጦ ነፍሳት ይለቅማል። ያንኑ የሚመስል ቁጥቋጦ በዙሪያው ሞልቶ ሳለ ለምን እንደማይሻገር ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባ ነበር። ተመራማሪዎች በኋላ እንደደረሱበት፣ የሚኖርበት ቦታ ከአካባቢው ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ የሚያግደው የሙቀት አጥር ነው። የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይህ ቀዝቃዛ ደሴት መጥበቡ አይቀርም። የቅርብ ጎረቤቱ ነጭ ጭራ ጨረባ ደግሞ ጎጆዋን በቦረና አርብቶ አደሮች ቤት ጣሪያ ውስጥ ሳይቀር ትሠራለች። በሰው ቤት የምትፈለፍል ብርቅ ወፍ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የቤቱን ባለቤት ሳያስፈቅድና ሳይከፍል የሚያልፍ ከሆነ፣ መስመሩ ለማን እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ነጌሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ ነው። በሣር ውስጥ የምትሮጠው ትንሿ ቡናማ የሊበን ላርክ በኢትዮጵያ ከዚህ ሜዳና ከጅግጅጋ አካባቢ ሌላ መኖሪያ የላትም፤ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎችም አንዷ ናት። ከብት ሣሩን አብዝቶ ይግጠዋል፣ ሜዳው ይታረሳል፤ ድሮ አርብቶ አደሩ ያቃጥለው የነበረው ቁጥቋጦም ቃጠሎ ከተከለከለ ወዲህ ግጦሹን ወርሶታል። መፍትሔው የተገኘው ከቦረና ልማድ ነው። ለበጋ የሚከለል የግጦሽ መሬት ካሎ ይባላል። ሜዳው በካሎ ሲከለል ሣሩ ያድጋል፤ ላርኳም መሸሸጊያ ታገኛለች፣ ባለከብቱም ለክፉ ቀን መኖ ይኖረዋል። የጎብኚ ገንዘብ በዚህ ላይ ቢጨመር ያጠናክረዋል እንጂ አይተካውም።

በመስመር ላይ መካተት የሌለባቸው ቦታዎችም አሉ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ በክረምት የሚራባው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል በሣር ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ በእግር ኮቴ በቀላሉ የሚረበሽ ወፍ ነው። በመራቢያ ወቅት ጎብኚ ባይደርስበት ይመረጣል። በስልክ የተቀዳ የወፍ ድምፅ ከፍቶ ወፍ መጥራትም በብርቅ ዝርያዎች ላይ ሊከለከል ይገባል። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ግዛቱን ሲከላከል ጉልበቱን ይጨርሳል።

የቀረው ተራ ሥራ ነው፤ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ጎህ ሳይቀድ ቁርስ የሚያቀርብ ሆቴል፣ የወፎቹን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የያዘ ሰሌዳ፣ በየቀበሌው ተተምኖ በደረሰኝ የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ። ወፍ ተመልካች ብዙውን ጊዜ ማልዶ የሚነሳ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚቆይና መንገዱ ሲበላሽ የማያማርር እንግዳ ነው። ጸጥታ ሲደፈርስ ግን እንደማንኛውም ጎብኚ ይቀራል፤ በቅርብ ዓመታትም የዙሩን ጉዞ ክፉኛ የጎዳው ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ የወጣ ካርታም ለዘላለም አያገለግልም። የአብያታ ሐይቅ ለዓመታት የፔሊካኖች ዋና መመገቢያ ነበር፤ በጎረቤቱ የሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ ዓሣውን ከአብያታ ያመጡ ነበር። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ውሃውን ሲስብ ሐይቁ ሸሸ፣ ዓሣውም አለቀ፤ ፔሊካኖቹ ወደ ባቱ ዞሩ። ስለዚህ መስመሩን የሚያስተዳድረው አካል በየዓመቱ ወፍ የሚቆጥር ሰው ሊመድብ፣ ከቆጠራው ጋር የማይሄደውን ቦታ ከካርታው ሊሰርዝና አዲስ ሊጨምር ይገባል። ቆጠራውን ለመሥራት ከዲንሾዎቹ ዓይነት የአካባቢው አስጎብኚዎች የተሻለ ሰው አይገኝም።