የማይቆመው ሰርቨር፦ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ሥራ ሳይቋረጥ እንዴት ይለወጣል?

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ በሆነችው ባሱንዳ፣ ሰሊጡን የሸጠ ገበሬ ክፍያውን በስልኩ ቢቀበል ገንዘቡ ያለው በኪሱ አይደለም፤ በስልኩ ውስጥም አይደለም። ሩቅ ቦታ በሚገኝ ሰርቨር፣ በሃርድ ዲስክ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው።

ጦርነት ባደቀቃት ሱዳን ጥሬ ገንዘብ እንደልብ ስለማይገኝ፣ እንደ 'ባንካክ' ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች ለብዙ ቤተሰቦች የዕለት ጉርስ መግዣ ሆነዋል። የስደተኞች ምዝገባ፣ የሆስፒታል መዝገብና የተማሪዎች ውጤትም እንዲሁ በዲስክ ላይ ያድራሉ።

ዲስክ ግን ዕቃ ነውና ያረጃል፤ ይበላሻል። ታዲያ ያ ቀን ሲመጣ በላዩ የተጻፈው ምን ይሆናል?

ሳያስጠነቅቅ የሚበላሽ ዕቃ

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እአአ በ1956 በአይቢኤም ለገበያ ሲቀርብ 50 ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት። በሁሉም ላይ የሚያዘው ግን አምስት ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ዲስኮች በመዳፍ ቢያዙም፣ ብዙዎቹ አሁንም በፍጥነት የሚሽከረከሩ ሳህኖችና መረጃ የሚያነብ ስስ ክንድ አላቸው።

ዲስኮች ስለ ጤንነታቸው የሚመዘግቡበት 'ስማርት' የተሰኘ ሥርዓት አለ። ይሁን እንጂ የጉግል ተመራማሪዎች እአአ በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው ባወጡት ጽሑፍ፣ ከተበላሹት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋነኛ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ምንም እንዳላሳዩ ገልጸዋል። ሙቀትም በተለምዶ የሚታሰበውን ያህል ከብልሽቱ ጋር ጥብቅ ዝምድና አልተገኘበትም።

ስለዚህ የሰርቨር ባለሙያ ዲስኩ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ መቼ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ከድምሩ ላይ የጠፋውን ማግኘት

መፍትሔው እአአ በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ጽሑፍ 'ሬይድ' የሚል ስም አገኘ። ሐሳቡ በአንድ ዲስክ ከመተማመን ይልቅ ብዙ ዲስኮችን ማጣመር ነው።

ቀላሉ መንገድ አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል መጻፍ ነው። ሌላው መንገድ ሒሳብን ይጠቀማል። አንድ ነጋዴ በአንደኛው መጋዘን 7፣ በሁለተኛው 5 ጆንያ ሰሊጥ አለው እንበል። ድምሩን 12ን በሌላ ደብተር ቢጽፍና የሁለተኛው መጋዘን መዝገብ ቢጠፋ፣ ከ12 ላይ 7ን ቀንሶ የጠፋውን ያገኛል። ሬይድም በተመሳሳይ ብልሃት የጠፋውን ከተረፈው ያሰላል።

በበርካታ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራው ሊኑክስ ይህን በራሱ ማከናወን ይችላል። ባለሙያዎች ለዚህ 'ኤምዲአድም' የተባለውን መሣሪያ ይጠቀማሉ።

ለውጡ ደረጃ በደረጃ

ዲስክ ሲበላሽ ሰርቨሩ በቀሩት ዲስኮች ሥራውን ይቀጥላል፤ ተጠቃሚው ላያውቀውም ይችላል። በሊኑክስ የሁኔታ መግለጫ ላይ ግን፣ ጤነኛ ዲስኮችን ከሚወክሉት ፊደላት መካከል የአንዱ ቦታ በሰረዝ ይተካል።

በመጀመሪያ ባለሙያው የመረጃው ሌላ ቅጂ በደህና ቦታ መኖሩን ያረጋግጣል። ቀጥሎ የተበላሸውን ዲስክ በፋብሪካ መለያ ቁጥሩ ይለያል። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጠው ስም ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሊቀያየር ስለሚችል፣ በስሙ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው። በዚህ ሥራ እጅግ የሚፈራው ስህተት ጤነኛውን ዲስክ መንቀል ነው፤ በሁለት ዲስኮች ብቻ በሚሠራ ሰርቨር ይህ ከሆነ አገልግሎቱ ወዲያው ይቆማል።

ከዚያም ዲስኩ ከአገልግሎት መውጣቱ በትዕዛዝ ለሥርዓቱ ይነገራል። የሰርቨሩ ሳጥን ኃይል ሳይቋረጥ ዲስክ እንዲለወጥበት የተሠራ ከሆነ፣ አሮጌው ተስቦ ይወጣና መጠኑ የማያንስ አዲስ ዲስክ ይገባል። የጤነኛው ዲስክ የክፍፍል አቀማመጥ ወደ አዲሱ ተገልብጦ፣ አዲሱ ከቀሩት ጋር በትዕዛዝ ይቀላቀላል። ሰርቨሩ የሚነሳው ከእነዚሁ ዲስኮች ከሆነ የማስነሻ ፕሮግራሙም በአዲሱ ላይ መጫን አለበት። ይህ ከተዘነጋ፣ ሌላኛው ዲስክ በተበላሸ ዕለት ሰርቨሩ ላይነሳ ይችላል።

አስጨናቂዎቹ ሰዓታት

አዲሱ ዲስክ ባዶ ነውና መረጃው እንደገና ይጻፍበታል። አራት ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍበት ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሰርቨሩ ሥራ ከበዛበት ደግሞ ይዘገያል። በሁለት ዲስኮች በሚሠራ ሰርቨር፣ በነዚህ ሰዓታት መረጃውን ሙሉ በሙሉ የያዘው አንድ ዲስክ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከተበላሸው ጋር በአንድ ቀን የተገዛ፣ እኩል ያገለገለ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይልም ሌላው ስጋት ነው። እአአ በ2025 መጀመሪያ በገዳሪፍ ግዛት ሸዋክ የሚገኘው የኃይል ጣቢያ በድሮን ተመትቶ ገዳሪፍን ጨምሮ የምሥራቅ ሱዳን አካባቢዎች በጨለማ ተውጠው ነበር። እንዲህ ባለ አካባቢ ለሚሠራ ሰርቨር የባትሪና የጄኔሬተር ዝግጅት ከዲስኩ እኩል አስፈላጊ ነው።

ዲስክ መለወጥ የማይፈታው ችግር

ሬይድ የዲስክን ብልሽት እንጂ የሰውን ስህተት አይከላከልም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በሁሉም ዲስኮች ላይ ወዲያው ይሰረዛል። እሳት፣ ጎርፍ፣ ዝርፊያና ጦርነትም ዲስኮቹን ሁሉ በአንድነት ያጠፋሉ።

ሱዳን ይህን በመራራ ሁኔታ አይታለች። እአአ በ2024 መጀመሪያ በአገሪቱ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው ሲቋረጥ፣ በካርቱም የነበሩ የመረጃ ማዕከላት ሥራ ማቆማቸው ተዘግቦ ነበር። ለድርጊቱ ተፋላሚዎቹ ወገኖች እርስ በርስ ተካሰዋል። በስልክ በሚላክላቸው ገንዘብ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ምግብ መግዣ አጡ። ከጦር ግንባሩ ርቀው የነበሩ ከተሞችም ከችግሩ አላመለጡም።

ለዚህም ነው ባለሙያዎች ከአንድ መረጃ ሦስት ቅጂ እንዲኖር፣ በሁለት የተለያዩ የማከማቻ ዓይነቶች እንዲቀመጥና አንዱ ቅጂ በሌላ ቦታ እንዲሆን የሚመክሩት። ቅጂው በትክክል እንደሚመለስ በየጊዜው መሞከርም ይኖርበታል።

የተበላሸን ዲስክ ሥራ ሳያቆሙ መለወጥ በጥንቃቄ የሚሠራ ባለሙያና አንድ አዲስ ዲስክ ይበቃዋል። የባሱንዳው ገበሬ ቁጥር ሰርቨሩ ያለበት ከተማ ሲቃጠልም እንዲተርፍ ግን፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ያስፈልጋል።