የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው አዋቂዎች አመጋገብና የጤና ጣቢያ ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ በደም ነቀርሳ፣ በሊምፎማ፣ በማልቲፕል ማይሎማና በአፕላስቲክ አኒሚያ ለተያዙ ሕሙማን የሚሰጥ ሕክምና ነው። የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ዶክተር ዶናል ቶማስ የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ከአገራችን ወደ ውጭ ተጉዘው ይህን ሕክምና ያገኙ ሕሙማን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የመቅኔያቸው ሥራ ቢያገግምም የመከላከል አቅማቸውና ሰውነታቸው ገና አላገገመም። አንድ የላፍቶ፣ የጀሞ ወይም የለቡ ነዋሪ በስፔሻሊስቱ ቀጠሮዎች መካከል የሚያገኘው ባለሙያ የጤና ጣቢያው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው የአመጋገቡን መሠረታዊ ነጥቦች ማወቅ ይኖርበታል።

ሰውነት ለምን ይጎዳል?

ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም ጨረር፣ የአፍንና የአንጀትን ስስ ሽፋን ይልጣል። ቁስለቱ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይከፋል። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የጣዕም መለወጥ ሲታከሉበት ሕመምተኛው ምግብ ይጠላል። ክብደቱ የቀነሰ ሕመምተኛ ጡንቻውን ያጣል፤ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ የሆስፒታል ቆይታውም ይራዘማል።

የምግብ ፍላጎት ልክ

በአብዛኛው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ካሎሪና ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ለምሳሌ 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ከ1500 እስከ 1750 ኪሎ ካሎሪና ከ60 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው በአፍ መመገብ ነው። ሕመምተኛው ከአንድ ሳምንት በላይ ምንም ካልበላ፣ ወይም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ከሚያስፈልገው ከ60 በመቶ በታች ከበላ፣ በቱቦ መመገብ ሊታሰብ ይገባል። በደም ሥር መመገብ አንጀቱ ሥራውን መወጣት ሲያቅተው የሚወሰድ እርምጃ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰው በድንገት አብዝቶ ከተመገበ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሊያሽቆለቁሉበት ስለሚችሉ፣ ምግቡ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ታያሚንም አስቀድሞ ይሰጠዋል።

ክልከላና ጥንቃቄ

ቀደም ሲል ጥሬ ፍራፍሬና አትክልትን ፈጽሞ መከልከል የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ በኢጣሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሞ የወጣ ጥናት፣ ነጭ የደም ሕዋስ ባነሰበት ወቅት ክልከላ ያልበዛበት አመጋገብ ኢንፌክሽን እንደማይጨምር አሳይቷል። የበዛ ክልከላ የምግብ ፍላጎቱ የተዘጋውን ሰው ይበልጥ ያስርበዋል።

ሆኖም ውጤቱ ንጹሕ ውሃና ቁጥጥር ያለው የምግብ አቅርቦት ካለበት አገር የተገኘ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በመካኒሳና በአካባቢው በትንሹ አቃቂ ወንዝ መስኖ ለረጅም ዓመታት አትክልት ሲለማ ቆይቷል፤ ወንዙ ደግሞ በቤትና በፋብሪካ ፍሳሽ የተበከለ ነው። ስለሆነም ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ በጥሬው ከሚበሉ ተቀቅለው ይቅረቡ። ሙዝ፣ ብርቱካንና ፓፓያ በንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ በታጠበ እጅ ተልጠው ሊበሉ ይችላሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከእርሱ የተሠራ እርጎ፣ ጠላና ባልፈላ ውሃ የተበጠበጠ በሶ የሚከለከሉ ናቸው። ሻጋታ የታየበት እንጀራ ሻጋታው ተቆርጦ ሌላው ክፍል አይበላም፤ ሙሉ በሙሉ ይጣላል።

አፉ ለቆሰለ ሕመምተኛ በርበሬና ሎሚ ቀርተው በወተት የተሠራ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ፣ አልጫ ሽሮና በደንብ የበሰለ እንቁላል በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ ቢሰጡት ይሻላል።

ቤተሰብ በቅን ልቦና የሚፈጽማቸው ስህተቶች

«ደም ይተካለታል» በሚል ጉበትና የብረት እንክብል መስጠት የተለመደ ነው። ነገር ግን አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል፤ ደጋግሞ ደም የተሰጠው ሰው የብረት ክምችት እንጂ እጥረት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ብረት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ የሚወስድ ሰው ግሬፕፍሩት መብላት የለበትም፤ የባሕል መድኃኒትም ሐኪሙን ሳያማክር አይውሰድ።

ጾምን በሚመለከት በኦርቶዶክስም ሆነ በእስልምና እምነት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ባለሙያው ከመከራከር ይልቅ ሕመምተኛው የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት አስተማሪውን እንዲያማክር ቢያግዘው የተሻለ ውጤት ያገኛል። ልጾም ብሎ የጸና ሕመምተኛ ቢያንስ በሰዓቱ እንዲመገብ፣ ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ እንዲያዘወትር ይመከር።

መቼ ወደ ሆስፒታል ይላክ?

ከሌላ ሰው ግንደ ሕዋስ የተሰጠው ሕመምተኛ ውሃ መሰል ተቅማጥ ሲይዘው፣ አሜባ ወይም ጃርዲያ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት መመለስ አደገኛ ነው። ምክንያቱ የተተከለው ሕዋስ አንጀቱን ማጥቃቱ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ትኩሳቱ 38 ዲግሪ የደረሰ፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ የክብደቱን 5 በመቶ ያጣ ሕመምተኛ ሳይዘገይ መላክ አለበት። እብጠት የክብደትን መቀነስ ሊሸፍን ስለሚችል የክንድ ዙሪያ ልኬትም አብሮ ይወሰድ።

ሚዛን፣ የክንድ መለኪያና «ትናንት ምን በሉ?» የሚል ጥያቄ በየጤና ጣቢያው የሚገኙ መሣሪያዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ጉብኝት ተለክቶ በካርድ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ብዙ ድካምና ወጪ የጠየቀውን ሕክምና ከከንቱነት ሊያድነው ይችላል።