«መጣ» ወይስ «መጡ»? ግሥ ውስጥ የተቀመጠው አክብሮት

መድኃኒት የሚወስዱበትን ሰዓት የሚያስታውስ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ በአያቴ ስልክ ላይ ጫንኩላቸው። መልእክቱን በድምፅ ነው የሚናገረው። ጽሑፉን ከእንግሊዝኛ በማሽን አስተረጎምኩትና ሳላየው አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ስጠይቃቸው ለካ አንድም ቀን አልወሰዱም። «ሰምቼዋለሁ፤ ለአንተ የመጣ መስሎኝ ነው እንጂ» አሉኝ። ስልኩ ሲል የነበረው «መድኃኒትህን ውሰድ» ነበር።

ሰዓቱ ልክ ነው፣ ድምፁም ልክ ነው። ስህተቱ ያለው «ህ» ላይ ነው። ይቺ ፊደል እንዴት ይህን ያህል ከባድ ሆነች? እስቲ እንየው።

አንድ ቃል፣ አራት ትርጉም

እንግሊዝኛ የሚያናግረውን ሰው ሁሉ «ዩ» ብሎ ይገላገላል። አማርኛ ግን «መጣህ»፣ «መጣሽ»፣ «መጡ» ወይም «መጣችሁ» ካላለ ዓረፍተ ነገሩ አይቆምለትም። አራቱ እኩል ዕድል አላቸው ብንል፣ ከአራት አንዱን ለመምረጥ 2 ቢት መረጃ ያስፈልጋል። ያ መረጃ እንግሊዝኛው ውስጥ የለም። ስለዚህ ማሽኑ ይገምታል፤ ብዙ ጊዜ የሚገምተው ደግሞ «አንተ» ብሎ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ችግር አለ። «መጡ» የሚለውን ቃል ብቻውን ውሰዱት። እርስዎ መጡ፣ እሳቸው መጡ (ወንድም ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ)፣ እነሱ መጡ። አክብሮቱ ሲገባ ጾታው ይጠፋል፣ አንድ ይሁኑ ብዙም አይታወቅም። ለዚህ ነው «ተናገሩ» የተባለላቸው አንዲት ሚኒስትር በማሽን ትርጉም ብዙ ሰው ሆነው የሚወጡት።

በብዙ ቁጥር ማክበር የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይኛም ለአንድ የተከበረ ሰው «ቩ» ይላል፤ ቃሉ «እናንተ» ማለትም ነው። ብራውንና ጊልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው ብለው ነበር፦ ሥልጣንና ቅርበት።

ማዕረግና ግሥ ሁለት ገመድ ናቸው

በአማርኛ አክብሮት የሚሄደው በሁለት ገመድ ነው። አንደኛው ስም ላይ የሚቀጠለው ማዕረግ ነው። ይህኛው ከመንግሥት ጋር ይለዋወጣል። በንጉሡ ዘመን ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጓድ» መጣ፤ ዛሬ ደግሞ «ክቡር» እና «ክብርት» ይባላል። ሁለተኛው ገመድ ግሡ ነው። እሱ በሁሉም መንግሥታት ሥር ሳይለወጥ ቆይቷል።

ሁለቱ ገመዶች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። «ጋሼ፣ ና ቡና ጠጣ» ስንል ማዕረጉ ያከብራል፣ ግሡ ያቀርባል፤ ማንም አይቀየምም። «አቶ እገሌ ተናገረ» ሲባል ግን ጆሮ ይቆረቁራል። «ጋሼ» የቤት ቃል ስለሆነ ቅርበትን ይችላል፤ «አቶ» ግን የቢሮ ቃል ነው።

ቅርበትም ንቀት አይደለም። ሰው ፈጣሪውን በጸሎት «አንተ» ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ስማቸው «አባ ዳኘው» ናቸው፣ ሕዝቡ ያወጣላቸው ስም ግን «እምዬ ምኒልክ» ነው፤ ንጉሠ ነገሥትን እንደ እናት መጥራት ማለት ነው። ሯጭ ሲያሸንፍም «አሸነፈ» እንላለን እንጂ «አሸነፉ» አንልም፤ የራሳችን ልጅ ነዋ!

ፖለቲከኛው ጋ ሲደርስ

ነገሩ የሚከረው እዚህ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር... «ወጣ» ልበል ወይስ «ወጡ»? ድርጊቱ አንድ፣ ቀኑም አንድ ነው። ነገር ግን የመጨረሻዋ ፊደል ተናጋሪው የት እንደቆመ ታሳብቃለች። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ እኛ ግን ግሡን ሳንጨርስ አቋማችን ይታወቃል። የፍርድ ቤት ዜና ስታነቡም አስተውሉ፦ ትናንት «አቶ እገሌ ገለጹ» ሲባሉ የነበሩት ሰው ዛሬ «ተከሳሹ ፈጸመ» ይሆናሉ። ፍርዱ ገና ነው፤ ግሡ ግን ቀድሞ ፈርዷል።

ማሽን ዜና መተርጎም ሲጀምር ይህን ምርጫ እኛ ሳናውቅ ያደርግልናል ማለት ነው። ለማን «አለ»፣ ለማን «አሉ» እንደሚል የሚማረው ከተሰጠው ጽሑፍ ነው። የጽሑፉ ወገንተኝነት የማሽኑ ሰዋስው ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ፕሮግራም የምትሠሩ ካላችሁ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የማታውቁትን ሰው በ«እርስዎ» ጀምሩ። «ይውሰዱ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ አክብሮቱንም የጾታውንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይፈታል። ሁለተኛ፣ ከተቻለ ሰውየውን ከዓረፍተ ነገሩ አውጡት፤ «የመድኃኒት ሰዓት ደርሷል» ማንንም አያስቀይምም። ሦስተኛ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ለአንድ ትልቅ ሰው አሰሙት። የትኛውም የኮድ ፍተሻ «ህ»ን ስህተት ነው አይልም፤ ሰዋስዋዊ ስህተት የለባትማ።

እኔም ይህን ስጽፍ «እናንተ» ያልኳችሁ በምክንያት ነው። ዕድሜያችሁንም ጾታችሁንም አላውቅም።

የአያቴ ስልክ አሁን «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ይላል። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ይመልሱለትና ይውጣሉ።