አንድ ጥያቄ ብቻ የምትመልስ ቁራጭ

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ገብታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የእርግዝና መመርመሪያ አለ?» የምትል ሴት የሚሰጣት ከጣት ብዙም የማይረዝም የታሸገ ስትሪፕ ነው።

ፅንስ ማህፀን ላይ ሲጣበቅ፣ በኋላ እንግዴ ልጅ የሚሆነው ክፍል ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል። መጠኑም በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል። ስትሪፑ ሽንት ሲነካው ፈሳሹ ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀለም የተሸከሙ ፀረ እንግዳ አካላት ሆርሞኑን ካገኙ ይዘውት አንደኛው መስመር ላይ ይቆማሉ። ሌላው መስመር ስትሪፑ መሥራቱን ብቻ ያሳያል፤ እሱ ካልወጣ ሌላ መግዛት ነው። መመሪያው ባለው ሰዓት ውስጥ የወጣ መስመር ደብዛዛም ቢሆን ይቆጠራል። ከደረቀ በኋላ የሚታይ ጥላ ግን አይታመንም።

ስትሪፑ ከመምጣቱ በፊት፣ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ሥራ የምትሠራው እንቁራሪት ነበረች። የሴትየዋ ሽንት ይወጋባታል፤ በማግስቱ እንቁላል ከጣለች እርግዝና አለ ማለት ነው።

ስትሪፑ በብዛት የሚሳሳተው ሲቸኩሉበት ነው። የወር አበባ ከቀረበት ቀን በኋላ፣ በጠዋቱ ሽንት መመርመር ይሻላል፤ «የለም» ካለና ደም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የቀረበትን ቀን ለማወቅ ደግሞ ቀን መቁጠር እንጂ «በ20 ነው የሚመጣልኝ» ማለት አያዋጣም። ጳጉሜ ብቻዋን ታሳስታለች፦ ነሐሴ 20 ያየች፣ ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት እስከ መስከረም 20 ብትጠብቅ ሳምንት አልፏታል።

ስትሪፑ ደጋግሞ «የለም» እያለ ወር አበባው ካልመጣስ? እዚህ ላይ ዝም ይላል። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ነው፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶው ይጠቀሙበት ነበር። ዓመት ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ ደም ማየት ያቆማሉ፤ መርፌውን ካቆሙም በኋላ ዑደቱ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ደሙ «ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ፖስት ፒል (የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ እንክብል) የወሰደችም ቀኗ ሊዛባ ይችላል። ጡት ማጥባት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የእንቁልጢ መታወክ፣ ክብደት መቀነስና ከባድ ጭንቀትም አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የቀጠራቸው አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከገጠር መጥታ እንቅልፏም ምግቧም ሥራዋም ባንዴ የተለወጠባት ልጅ ወር አበባዋ ቢዘገይ አይደንቅም። ሦስት ወር ከቀረ ግን ሐኪም ይየው።

ሁለት መስመር ከወጣም ስትሪፑ እርግዝናው የት እንዳለ አይናገርም። ከማህፀን ውጪ የተቀመጠም ሁለት መስመር ያወጣል። ስለዚህ ሁለት መስመር አይታ ባንድ ጎን ሆዷን አጥብቆ የሚወጋት፣ ደም የሚፈሳት ወይም ራሷን የሚያዞራት ሴት ሌላ ስትሪፕ አትግዛ፤ ቀጥታ ሆስፒታል ትሂድ።