ክብደትን የሚወስነው የካሎሪ ሂሣብ ብቻ ነውን?

በላስታ ደጋ «ምነው ከሳሽ?» የሚለው ጥያቄ የሐዘኔታ፣ «ወፈር ብለሻል» የሚለው አነጋገር ደግሞ የምርቃት ያህል ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሃብ ያየ ሕዝብ፣ የሰውን ገላ መሙላት ከጤናና ከጥጋብ፣ መክሳቱን ግን ከችግርና ከበሽታ ጋር ቢያያይዘው የሚያስገርም አይደለም። ዛሬ ግን በከተሞቻችን ተቀምጠው በሚውሉ እህቶች ዘንድ «እንዴት ልቀንስ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይሰማል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለቱንም ችግሮች ጎን ለጎን ያሳያል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል 22 ከመቶ የሚሆኑት ከመጠን በታች የከሱ ሲሆኑ፣ 8 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ።

መቀነስ ለሚፈልጉት ዘወትር የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። «ከሚያቃጥሉት ያነሰ ካሎሪ ይመገቡ፤ ክብደትዎ ይወርዳል» ይባላል። ለመሆኑ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነውን? በዛሬው ዝግጅታችን ይህንኑ እንመለከታለን።

ካሎሪ ምንድን ነው?

ካሎሪ የሙቀት መለኪያ ነው። በምግብ ረገድ አንድ ካሎሪ የሚባለው አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዓመታት ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ሰዎች በዝግ ክፍል ውስጥ እየተመገቡና እየሠሩ ከገላቸው የሚወጣውን ሙቀት ይለካ ነበር። ከእርሱ ጥናት በተገኘው ስሌት መሠረት አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲንም 4፣ አንድ ግራም አልኮል 7፣ አንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣል።

ሂሣቡ ውሸት አይደለም። ከሚያወጣው ያነሰ የሚያገባ ገላ ውሎ አድሮ መክሳቱ አይቀርም። አንድ ኪሎ የገላ ስብ ለማጥፋት 7,700 ያህል ካሎሪ ማጉደል ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ሂሣቡ የሚነግረን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ገቢውን የሚያበዛውና የሚያሳንሰው ምንድን ነው? ወጪውስ ባለበት ይቆያልን? ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ገላም ይቆጥባል

ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ጎተራው እየጎደለ መሄዱን ያየች የደጋ እመቤት ምን እንደምታደርግ ያውቃሉ። ትናንት ሁለት ጣሳ እህል ታወጣ የነበረች ዛሬ አንድ ተኩል ታወጣለች። አዲሱ እሸት እስኪደርስም ቤቷን በዚያው ታሻግራለች። ገላችንም ልክ እንደዚህች እመቤት ነው። ገቢው ሲያንስበት ወጪውን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር አንሰል ኪስ መሪነት የተካሄደው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ከወትሮው ግማሽ ያህል ምግብ ብቻ እየተመገቡ ቆዩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ነገር ግን በዕረፍት ጊዜ ገላቸው የሚያቃጥለው ኃይል 40 ከመቶ ያህል ወረደ። ይህም ከፊሉ ገላቸው በማነሱ፣ ከፊሉ ደግሞ ገላው በመቆጠቡ ነበር። የልባቸው ምት ቀዘቀዘ፤ ብርድ አልለቃቸው አለ፤ ሐሳባቸውም ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ።

በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ውድድር ላይ በአጭር ጊዜ እጅግ ከስተው የነበሩ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። ገላቸው በቀን ከሚጠበቀው 500 ያህል ካሎሪ አሳንሶ ሲያቃጥል ተገኘ። አብዛኛውም የቀነሱት ክብደት ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ተርባ የቀነሰች እህት በሦስተኛው ወር ክብደቷ ቢመለስ ጥፋቱ የስንፍና ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሥራ ብቻውን ይበቃልን?

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለች የገጠር እናት 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ 20 ኪሎ ተሸክማለች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ድካም የሚበላውን ኃይል የሚክድ የለም። ሆኖም ሥራ በበዛ ቁጥር የቀኑ ወጪ በዚያው ልክ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በታንዛኒያ በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩት ሐድዛዎች ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ቢውሉም፣ የገላ መጠን ተመዛዝኖ ሲታይ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ተቀምጠው ከሚውሉ ሰዎች የበለጠ ካሎሪ እንደማያቃጥሉ አመልክቷል። ተመራማሪዎቹ እንደሚያምኑት ገላ በአንድ በኩል ብዙ ሲያወጣ በሌላ በኩል ይቆጥባል።

ለከተማዋ እህት የዚህ ትርጉም፣ እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለጡንቻና ለመንፈስ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም የማዕዱ ነገር ካልታሰበበት ብቻውን ብዙ አያከሳም ማለት ነው። ለገጠሯ እናት ግን ትርጉሙ ይከብዳል። ሥራው በዝቶ ምግቡ ሲያንስ ገላ የሚቆጥበው ከጤና ላይ ነው። የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቀር፣ በሽታን የመከላከል አቅምም ሊዳከም ይችላል።

የምግቡ ዓይነት

ካሎሪው እኩል የሆነ ምግብ ሁሉ እኩል አያጠግብም። ከፕሮቲን የሚገኝን 100 ካሎሪ ለመፍጨትና ለማዋሐድ ገላ ራሱ ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ያወጣል። ከስታርች ሲሆን ከ5 እስከ 10፣ ከቅባት ሲሆን ግን ቢበዛ 3 ካሎሪ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ20 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ በቀረበላቸው ሁለት ሳምንት፣ ተራ የቤት ምግብ ከቀረበላቸው ሁለት ሳምንት ይልቅ በቀን 500 ያህል ካሎሪ አስበልጠው በልተዋል። በሁለቱም ጊዜ የቀረበላቸው ካሎሪ እኩል ነበር፤ ብሉ ብሎ ያስገደዳቸውም አልነበረም።

እንግዲህ የላስታ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር በብስኩትና በለስላሳ መጠጥ ሲተካ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። ስኳሩ ይጠጣል እንጂ አይታኘክምና ሆድ በልቻለሁ አይልም።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንበል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እስከ ተሲያት በኋላ የሚቆዩ እናቶች አንዳንዶቹ ይከሳሉ፤ አንዳንዶቹ እንደነበሩ ይቆያሉ፤ ወፈር የሚሉም አይጠፉም። ጾሙ አንድ ሆኖ ሳለ ማዕዱ ይለያያል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ያህል ካሎሪ አለው። ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍትና በርከት ያለ ቆሎ ከሥጋ ወጥ የማይተናነስ ኃይል ይሰጣሉ። መሶቡ የጾም ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጾም የተሠራው ለነፍስ እንጂ ለሚዛን አይደለምና ማክሰሻ ማድረጉም አግባብ አይመስልም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም የታመመ ሰው፣ ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር ሊመካከሩ ይገባል።

መክሳት በሽታ ሲሆን

ሳይፈልጉት የሚመጣ መክሳት ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳልና የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳ፣ የማያቋርጥ ጥማትና ሽንት ማብዛት የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። በደጋ አገር አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት የታወቀ ችግር ነው። የገላን ማቃጠል የሚቆጣጠረው ይኸው የአንገት ዕጢ ሥራው ሲያንስ ክብደት ይጨምራል፤ ሲበዛ ግን ሰው እየበላ ይከሳል። በእነዚህ ሁሉ ካሎሪ መቁጠር አያድንም። የሚያድነው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መቀነስ ያስፈልግዎት እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ክብደቷ ከ46 እስከ 62 ኪሎ ባለው መካከል ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ በታች ከሆኑ የሚያስፈልግዎት መጨመር ነው። የምታጠባ እናት ደግሞ በቀን እስከ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታልና፣ «ከወለድኩ ወዲህ ወፈርኩ» ብላ ምግብ መዝለል የለባትም።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የታየው ለውጥ አያታልልዎት። ገላ ያጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ ከእርሱ ጋር የሦስት እጥፍ ያህል ውሃ አብሮ ይወጣል። የወረደው ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው።

ሦስተኛ፣ የዘይቱን ማንኪያ ይቁጠሩ። ጠላውን፣ አረቄውንና ለስላሳውንም ከሂሣቡ አያስቀሩ። ባቄላውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ግን አይቀንሱ።

አራተኛ፣ አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃም ያስቀምጡት።

አምስተኛ፣ በወር ከሁለት ኪሎ በላይ ለመቀነስ አይቸኩሉ። የተጣደፈ መክሳት ከስቡ ጋር ጡንቻውን ይወስዳል፤ ገላንም ወደ ቁጠባ ይነዳል።

የካሎሪ ሂሣብ ባለበት ይኑር፤ ማንም አልሻረውም። ነገር ግን ያው አንድ ኪሎ ለአንዷ እፎይታ፣ ለሌላዋ የሕመም መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ሚዛኑ አይናገርም፤ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደምትሠራና ጤንነቷ እንዴት እንደሆነ መጠየቅን ይጠይቃል። በዚህ ረገድ የቸኮለች አፍሳ መልቀሟን አበው አስቀድመው ነግረውናል።